በበዓል ሰሞን ቤተሰብ አብሮ የሚሠራው በጎ ፈቃድ፦ አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ገና ሲቃረብ፣ ፋሲካ ወይም አረፋ ሲደርስ “ዘንድሮ ከልጆቹ ጋር ሆነን አንድ ነገር እናድርግ” የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። ወረዳው ማዕድ እናጋራ ይላል፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለጥምቀት ጽዳት ይጠራል፤ መሥሪያ ቤት ወደ አረጋውያን ማዕከል ጉብኝት ያዘጋጃል፤ ደም ባንክ ለጋሾችን ይፈልጋል፤ ከግቢው ጀርባ ደግሞ ጣሪያቸው የሚያፈስ እናት አሉ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ይመጣና መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ የቀለለውን ይዞ ይወጣል፣ ወይም ደክሞት ይተወዋል። ከዚህ በታች አዲስ አበባን መነሻ አድርገን አምስቱን እንመዝናለን። አብዛኛው ለሌሎች ከተሞችም ይሠራል።

## መጀመሪያ መለኪያው

ከሁሉ በፊት የጎደለውን ማየት ያስፈልጋል። በበዓሉ ዕለት ስማቸው ወደሚታወቅ ማዕከላት ምግብ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ዳቦውም ዶሮውም ለስላሳውም በአንድ ቀን ይትረፈረፋል። በሦስተኛው ቀን ግን የልብሱን ክምር የሚያጥብ እጅ ይጠፋል። “ምን ይዘን እንሂድ?” ከማለት በፊት “ሰው የሚያጥረው መቼ ነው?” ብሎ መጠየቅ ምርጫውን በግማሽ ያቀለዋል።

ሁለተኛው የልጆቹ ዕድሜ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይሰለቻል፣ በሽታም ቶሎ ይይዘዋል። ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለው መሸከም፣ መለየት፣ ታላላቆችን እጅ ማስታጠብ ይችላል። ከ10 በላይ ያለው ሽንኩርት ይልጣል፣ ቀለም ይቀባል። 15 ዓመት ያለፈው ከአዋቂ እኩል ይሠራል። ልጁ የራሱ ሥራ ከሌለው በጎ ፈቃዱ የወላጆች ብቻ ሆኖ ይቀርና እሱ መኪና ውስጥ ስልክ ሲነካካ ይውላል።

ሦስተኛው መደገም መቻሉ ነው። በዓመት አንዴ ከሚደረግ ትልቅ ነገር በየወሩ የሚመለስ ትንሽ ነገር ለተቀባዩ ይሻላል፤ ይህን አቋማችንን ከወዲሁ እንናገራለን፤ ደረጃ ስንሰጥም ሚዛኑን ወደዚያ አዘንብለናል።

አራተኛው ወጪ ነው። የብር ዋጋ ከበዓል በዓል ስለሚለዋወጥ የሁላችንንም ኪስ በሚያግባባው እንለካለን፦ በአንድ ዶሮ ዋጋና በአንድ የቅርጫ መደብ ዋጋ።

አምስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሥራው በእውነት በማን ጫንቃ ላይ ነው? ቤተሰቡ “ለሃያ ሰው ምግብ አብስለን ወሰድን” ሲል ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ ያደረችው የቤት ሠራተኛዋ ከሆነች፣ በጎ ፈቃደኛዋ እሷ ናት፤ ያውም ፈቃዷ ሳይጠየቅ። እንዲህ ከሆነ አማራጩን ቀይሩት፣ ወይም ቤተሰቡ ራሱ ቢላዋ ይያዝ።

የክብር ጉዳይ ለሁሉም እኩል ይሠራል። ተቀባዩን እቃ አስይዞ ፎቶ ማንሳት የለም። ልጆች ስልካቸውን ቤት ትተው ይሂዱ።

## አንደኛ፦ ጎረቤት ላሉ አቅመ ደካሞች ማዕድ ማጋራት

ከአምስቱ ለጀማሪ ቤተሰብ የምንመርጠው ይህን ነው። መንገዱ አጭር ነው፣ ለትንሽ ልጅም ሥራ አለው፣ ከበዓል በኋላም ይቀጥላል።

ሰው ለመምረጥ ሁለት መንገድ አለ። የወረዳው ዝርዝር ፈጣን ነው፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ስማቸው የሰፈረ ሰዎች ከሦስትና ከአራት ቦታ ሲያገኙ፣ መታወቂያ የሌላቸው ወይም በጥገኝነት የሚኖሩ ሰዎች ከአንድም ላያገኙ ይችላሉ። የእድር ዳኛውና ጸሐፊው ግን ማን መዋጮ እንዳቃተው፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ያውቃሉ። መጀመሪያ እድሩን ጠይቁ፤ ከዚያ ከወረዳው ጋር አስተያዩት።

ሰፊው ስህተት ያለው ስጦታው ላይ ነው። ዶሮ በሕይወት መስጠት የተለመደ ነው፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት ግን ማን ይረድላቸዋል? ማን ይበልትላቸዋል? ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይፈልጋል፤ በርበሬው፣ ቅቤው፣ አሥራ ሁለቱ እንቁላል፣ ሽንኩርቱን ብቻ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያቁላላ ከሰልም አለ። ዶሮዋን ብቻ ሰጥቶ መመለስ የቤት ሥራ ትቶ መሄድ ነው። ወይ ሙሉውን ይዛችሁ ሂዱና አባትና ልጅ አርደው፣ ሌላው ዶሮዋን በየብልቷ ለይቶና አጥቦ፣ እዚያው ግቢ አብራችሁ ሥሩት፤ ወይ ከእናንተው ድስት የተሠራውን ውሰዱ።

የተሠራ ምግብ የሚወሰድ ከሆነ እሳት ላይ እንዳለ ወደ ሳህን ገልብጡትና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይድረስ። ሌሊት ተሠርቶ፣ ጠዋት ለብ ብሎ፣ እኩለ ቀን የሚሰጥ ወጥ ሆድ ያበላሻል። የገና ጾም ከአርባ ቀን በላይ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሚቆይ የአዛውንት ሆድ በአንዴ ቅባት አይችልም። ቅቤውን ቀንሱ፣ አጥንቱን አውጡ፣ ጥርስ ለሌላቸው ፍትፍት አድርጉት። ጥሬ ሥጋ አትስጡ። ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እምነትንም አስቡ። ሙስሊም ጎረቤት ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም፤ ክርስቲያኑም እንዲሁ። እምነቱ የተለየ ጎረቤት ቤት ሲኬድ እንቁላል፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ፍራፍሬ ማንንም አያስቸግርም። ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ዘካተል ፊጥር (የረመዳን ፍቺ ምጽዋት) ራሱ ጊዜውና መጠኑ የተወሰነ ነው፦ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ሷዕ፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚደርስ እህል፣ ከኢድ ሶላት በፊት። አምስት ሰው ላለው ቤት ከ12 ኪሎ ተኩል እስከ 15 ኪሎ ይሆናል። ልጆቹ ራሳቸው ሰፍረው፣ ቋጥረው፣ ተሸክመው ቢያደርሱት ትምህርቱ ከቃል ያለፈ ነው። አረፋ ላይ ደግሞ የኡድሂያው (የመሥዋዕቱ እርድ) ሥጋ በሦስት ተከፍሎ ለቤት፣ ለዘመድና ወዳጅ፣ ለችግረኛ ይውላል፤ ሥጋውን በፌስታል እያደረጉ ማዳረስ ለአሥር ዓመት ልጅ የተመቸ ሥራ ነው።

ለደረቅ ስጦታ፣ ለአንድ ሰው የሚሆነው ይህ ነው፦

- የጤፍ ዱቄት 5 ኪሎ (ምጣድ ካላቸው ብቻ)
- ሽሮ 1 ኪሎ፣ በርበሬ ግማሽ ኪሎ
- ዘይት 1 ሊትር፣ ሽንኩርት 3 ኪሎ
- ስኳር 1 ኪሎ፣ ቡና ግማሽ ኪሎ
- የልብስ ሳሙና 3፣ ከሰል ግማሽ ማዳበሪያ

ምጣድ ለሌላቸው፣ ወይም ጉልበት ላጡ፣ ዱቄቱን ተዉትና የሰፈሩን እንጀራ ሻጭ አነጋግሩ። በቀን ሁለት እንጀራ በወር ስልሳ ነው፤ ሒሳቡን ለሻጯ ከፍላችሁ አዛውንቷ በየጠዋቱ እንዲወስዱ፣ ወይም ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንዲያደርስ ማድረግ ይቻላል። ከመድኃኒት ቤትም ጋር እንዲሁ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ላቋረጡ ሰው የሁለት ወር ክኒን ከዶሮ ይበልጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ መክፈልም እዚሁ ላይ ይደመራል።

ቅርጫ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ወጪው ይቀላል። አሥር ሰው ለሚካፈለው በሬ አሥራ አንድ መደብ አስመድቡ። ሥጋው 110 ኪሎ ቢሆን እያንዳንዱ 11 ኪሎ በመውሰድ ፈንታ 10 ኪሎ ይወስዳል፣ አሥራ አንደኛው መደብ በሰፈሩ ላሉ አቅመ ደካሞች ይከፋፈላል። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ኪሎ ብቻ ነው። ስምምነቱ በሬው ከመገዛቱ በፊት ይሁን፤ ዕጣ ሊወጣ ሲል ቢነሳ ቅር የሚለው አይጠፋም።

በር ላይ ቆሞ አቀብሎ መመለስ አይገባም። “እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት፤ ዛሬ ቡናውን እኛ ልናፈላልዎት መጣን” ብሎ መቀመጥ፣ ትንሹ ልጅ ውሃ ይዞ ማስታጠብ፣ የሚናገሩትን መስማት፤ ጉብኝቱ ይህ ነው። አንድ ሰዓት ይበቃል።

## ሁለተኛ፦ በአረጋውያንና በሕሙማን ማዕከል ማገልገል

በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በዚህ በኩል በሰፊው ይታወቃል፤ “ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው” የሚለው መፈክሩም እንዲሁ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የማዘር ቴሬዛ ቤት ደግሞ በጠና የታመሙትን ይቀበላል። ስማቸው ያልተሰማ ትንንሽ ማዕከላትም አሉ፤ በበዓል ቀን ጭር የሚሉት እነሱ ናቸውና ስለ እነሱ ከየወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

የዚህ አማራጭ ጥንካሬ ሥራው የማያልቅ መሆኑ ነው፤ ድካሙ ደግሞ ያለ ዝግጅት የሄደ ቡድን ራሱ ሸክም መሆኑ። ከአሥር ሰው የበለጠ ቡድን አትያዙ። ቢያንስ ሳምንት ሲቀር ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ቀንና ሰዓት ሰው ያጥራችኋል? የተሠራ ምግብ ትቀበላላችሁ? ልጆች ከስንት ዓመት ጀምሮ ይገባሉ? አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ምግብ ሳይሆን የአዋቂ ዳይፐር፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ በረኪና፣ ጓንት፣ ቫዝሊንና አንሶላ ነው። ልብስ ከወሰዳችሁ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በወንድና በሴት ተለይቶ ይሁን። የተቀደደ ልብስ ከሰጣችሁ እዚያ ያለ ሠራተኛ ቆሞ ሲለቅም ይውላል።

በቦታው ለቤተሰብ የሚሰጠው ሥራ ልብስ ማጠብና ማስጣት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ፀጉር ማስተካከል፣ መመገብ ነው። መመገብ ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ሰውየውን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ጉርሻውን አሳንሱ፣ መዋጣቸውን ሳታዩ ሁለተኛውን አታቅርቡ፣ አፋቸው ውስጥ ምግብ እያለ አታስወሩ፣ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙ። በፍቅር ትልቅ ጉርሻ ማጉረስ ወጋችን ቢሆንም፣ ስትሮክ የመታው ሰው ላይ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው የእግር ጥፍር እናንተ አትቁረጡ፤ ትንሽ መላጥ ወደማይድን ቁስል ይሄዳልና ለነርሷ ተዉት።

አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ሕሙማን ወዳሉበት ክፍል አይግቡ፤ የሳንባ ነቀርሳ ስጋት ለእነሱ ከአዋቂው ይከፋል። ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉት ግቢው ውስጥ ብቻ ይሥሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ላይ ለልጆቹ ግልጽ አድርጋችሁ ንገሯቸው፦ የሚጮህ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ሽታ ይኖራል፣ ዝም ብሎ የሚያያችሁም ይኖራል፤ የደነገጠ ልጅ እጄን ይጫን፣ አብረን ወደ ውጭ እንወጣለን።

ቀኑን በተመለከተ ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው። በበዓሉ ዕለት አትሂዱ። ታኅሣሥ 29ን ከቤተሰብ ጋር አሳልፋችሁ ጥር 2 ወይም 3 ሂዱ። ፋሲካ ከሆነ በዳግማ ትንሣኤ ሳምንት ሂዱ።

የሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝትን ከዚህ ዝርዝር ሆን ብለን አውጥተነዋል። በበዓል ቀን መጥቶ አቅፎ፣ አጫውቶ፣ ኬክ ቆርሶ የሚጠፋ እንግዳ፣ ከአንድ መለየት ወጥቶ ሌላ መለየት ለሚጠብቀው ልጅ አይጠቅመውም። ለእነዚህ ልጆች ማድረግ የምትፈልጉ ከሆነ ደብተርና ጫማ በማዕከሉ አስተዳደር በኩል ስጡ፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን ለማስጠናት ቃል ግቡ። መሃሉ የለም።

## ሦስተኛ፦ ቤት ማደስና ማጽዳት

ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ ካላችሁ፣ ልጆቻችሁም አሥር ዓመት ካለፋቸው፣ ከዚህ የበለጠ ፍሬው የሚታይ ሥራ የለም። ለገና የተሠራ ግድግዳ ለሚቀጥለውም ገና ይቆማል።

ወቅቱ ወሳኝ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ስለሆኑ ጭቃ ይደርቃል፣ ቀለም ይይዛል፤ ለገና ተስማሚ ነው። ለእንቁጣጣሽ ግን ነሐሴ ላይ የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ዝናብ ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ ጣሪያና ውስጥ ጽዳት ላይ ብቻ ሥሩ።

ስትጀምሩ ከባለቤቷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ምን እንደሚፈልጉ ስሙ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ግድግዳ ማፍረስ፣ ክፍል መጨመር፣ በር መቀየር ያለ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አይነካም። የኤሌክትሪክ ሽቦ የተላጠ ካያችሁ ባለሙያ እስኪያየው ውሃና ቀለም ወደዚያ አታስጠጉ። እቃ ሲወጣ ባለቤቷ ይኑሩ፤ “ቆሻሻ” ብላችሁ የምትጥሉት ፌስታል ውስጥ የቤት ካርታና የሟች ፎቶ ሊኖር ይችላል። ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ትኋን ካለ የአልጋው ስንጥቅ ሁሉ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ይህን አዋቂ ብቻ ይሥራ።

ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቡካ። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከተመረገ በኋላ ሁለት ሳምንት ገደማ ካልደረቀ ቀለሙ በወር ውስጥ ይላላጣል። ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ለታኅሣሥ 29 ጭቃው ኅዳር 25 አካባቢ መቦካት ይጀምር፣ ምርጊቱ በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት ይለቅ፣ ቀለሙ ከታኅሣሥ 20 በኋላ ይቀባ።

ለቀለሙ ልክ፣ ሦስት በአራት ሜትር የሆነና ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 32 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ሻካራ ጭቃ ላይ 6 ወይም 7። ሁለት ጊዜ ለመቀባት ለስላሳው ሰባት ሊትር፣ ሻካራው አሥር ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ አራት ሊትር በሚይዘው ጋሎን ሁለት ወይም ሦስት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዙር በውሃ አቅጥኑት፣ ግድግዳው ይጠጣዋል። ገንዘብ ካነሰ ኖራ በቂ ነው፤ ነገር ግን ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ልጆች አይበጥብጡት።

ያረጀ ቆርቆሮ ላይ ቤተሰብ አይውጣ። ለጣሪያው አናጺ ቅጠሩና ክፈሉት። የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በሚስማር ቀዳዳ ነው፤ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል፣ ሙሉ ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት አስመርምሩ።

## አራተኛ፦ ደም መለገስ

ወጪው የታክሲ ብቻ ነው። ጊዜው ከምርመራው እስከ ዕረፍቱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ በላይ፣ ጤናው የተሟላ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይቆዩ። ልጆቹ አይለግሱም፤ አብረው ሄደው ቢያዩ ግን 18 ሲሞላቸው መርፌውን አይፈሩም።

የጾም ወቅት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባዶ ሆድ መለገስ ራስ ያዞራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከገደፈ በኋላ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጠጥቶ ይሂድ፤ ካልተመቸው ከበዓሉ በኋላ ይሁን። በዋዜማው ጠላና አረቄ አይጠጣ። ከለገሳችሁ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ፣ በዚያ ቀን ከባድ ነገር አታንሱ፤ ስለዚህ በሬ በሚጣልበት ዕለት አይደረግም።

ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ 35 ቀን ይቆያል፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ግን 5 ቀን ብቻ። ደሙ በየሳምንቱ መተካት ያለበት ለዚህ ነው፤ ቤታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ለጋሾች ካሉ በአንድ ቀን ከመሄድ በየወሩ ተራ ያዙ። ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ እዚያ የሚሰበሰበው ደም ይቋረጣልና ክረምቱና እንቁጣጣሽ ይህን አማራጭ ለመምረጥ ትክክለኛው ሰሞን ነው።

## አምስተኛ፦ በጥምቀትና በአደባባይ በዓላት ማገልገል

ለወጣቶች ቤት የሚሆን ነው። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ ናቸው፤ መንገድ መጥረግ፣ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ውሃ ማደል፣ የጠፉ ልጆችን ማገናኘት አለ። ሥራው የሚከፋፈለው በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በሰፈር ወጣቶች ኮሚቴ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ። አሥር ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጃንሜዳ ሕዝብ መሃል አታስገቡ፤ በሰፈር ያለ ትንሽ ባሕረ ጥምቀት ይሻለዋል፣ እዚያም ቢሆን ስልክ ቁጥራችሁ ተጽፎ ኪሱ ውስጥ ይሁን። ለጽዳቱ ወፍራም ጓንትና ባዶ ማዳበሪያ ያዙ፤ ስስ ፌስታል ይቀደዳል። ሰው የሚያጥረው ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ነው፣ የውሃ ላስቲኩ ያን ጊዜ ሜዳውን ሞልቶት ይገኛል።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | የልጆች ዕድሜ | ጊዜ | ወጪ | ምርጥ ሰሞን | መደገም | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ጎረቤት ማዕድ ማጋራት | ከማንኛውም ዕድሜ | 1–4 ሰዓት | ከአንድ ዶሮ ሩብ እስከ አንድ መደብ | ሁሉም በዓል | በየሳምንቱ ይቻላል | የማይሠራበት ስጦታ፣ የተበላሸ ምግብ |
| ማዕከል ማገልገል | ከ6 ዓመት (ግቢ)፣ ከ10 (ውስጥ) | ግማሽ ቀን | ከግማሽ እስከ ሁለት ዶሮ | በዓሉ ካለፈ ሦስተኛው ቀን ጀምሮ | በየወሩ | መጨናነቅ፣ በሽታ |
| ቤት ማደስ | ከ10 ዓመት | 4 ቀን እና ከዚያ በላይ | አንድ መደብና ከዚያ በላይ | ገና | በዓመት አንዴ | ያልደረቀ ጭቃ፣ ጣሪያ |
| ደም ልገሳ | ከ18 ዓመት | 1 ሰዓት ገደማ | ታክሲ | እንቁጣጣሽ | በየሦስት ወሩ | ባዶ ሆድ |
| አደባባይ በዓል | ከ10 ዓመት | 1–3 ቀን | ጓንትና ማዳበሪያ | ጥምቀት | በዓመት አንዴ | መጥፋት፣ ግፊያ |

## ለየትኛው ቤት የትኛው?

ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤት ጎረቤቱን ይያዝ። አንድ ሰው ብቻ ምረጡ፤ አምስት ቤት ዞሮ አምስት ፌስታል ከማደል ለአንድ እናት ዓመቱን ሙሉ እንጀራ ማድረስ ይበልጣል። ልጁም የሚያውቃቸው “እማማ” ይኖሩታል።

ገንዘብ የጠበቀበት ቤት ደምና ጉልበት አለው። ልብስ ማጠብና ውሃ መቅዳት ምንም አይጠይቅም። ከቅርጫው የሚወጣው አንድ ኪሎም ሸክም አይሆንም።

ገንዘብ ያለው ግን ጊዜ ያጣ ቤት ከእንጀራ ሻጯና ከመድኃኒት ቤቱ ጋር ይስማማ፤ አናጺና ቀለም ቀቢ ቀጥሮ የአንድ ቤት ጣሪያ ያስጠግን። ልጆቹ ቢያንስ የመጨረሻውን ዙር ቀለም ራሳቸው ይቀቡ።

ጎረምሶች ያሉት ቤት ከማዕከል ወይም ከቤት እድሳት ይጀምር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እውነተኛ ሥራ ሲሰጠው ይመጣል፤ ሰላምታ ሰጥቶ ፎቶ ለመነሳት ከሆነ አይመጣም፣ እሱም ልክ ነው።

ከውጭ ለገና የሚመጣ ቤተሰብ፣ ልጆቹ አማርኛ ባይቀናቸውም፣ እጅ የሚያሠራ ነገር ይምረጥ፦ ቀለም፣ ልብስ ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ። ከመመለሱ በፊት የእንጀራውን ወይም የመድኃኒቱን ሒሳብ የሚከታተል ዘመድ ይሰይም፤ ካልሆነ ጅምሩ በየካቲት ይቆማል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ብዙ ሰው ለምግብ ባንኮች የሚያገለግለው ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ፈረንጆቹ ገና ድረስ ነው፣ የእኛ ገና ግን የሚውለው በጎ ፈቃደኛው በሚሳሳበት በጃንዋሪ 7 ነው። የልጆች ዕድሜ ገደብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ መኪና የሌላቸው፣ ደብዳቤ የሚያነብላቸው ያጡ አዛውንቶች አሉና እነሱንም አትዝለሉ።

በዓሉ ደርሶ ምንም ያላዘጋጀ ቤት ደግሞ ከበሩ ይጀምር። በዚያ ቀን ተረኛ የሆነው ዘበኛ፣ አገሯ መግባት ያልቻለች የጎረቤት ሠራተኛ፣ ግቢው ውስጥ የተከራየ ተማሪ ማን እንደሆነ ጠይቁና እኩል ማዕድ ላይ አስቀምጧቸው። በማግስቱ ለአንድ ማዕከል ደውላችሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስንት ሰው እንደሚፈልጉ ጠይቁ፣ ከዚያ ቁጥር በላይም አትሂዱ።